አንጋጫ፥ የሐምበሪቾ ተራራና የሽማግሎች ማረፊያ

መናፈሻ ማለት ስሙ ራሱ እንደሚያስረዳው የደከመ ሰው ነፋስ የሚቀበልበት፥ ያዘነ የሚጽናናበት፥ ሥራ የበዛበት ሰው ለጥቂት ጊዜ ዐሳቡን የሚያሳርፍበት ስፍራ ነው። እንዲህ ከኾነ ከሰው ኹሉ አስቀድሞ መናፈሻ የሚያስፈልገው ጕልበቱ ለደከመ፥ ከሥራው በጡረታ ለተሰናበተ፥ ልጆቹ አድገው በየአገሩ ለተበተኑበት ሽማግሌና ለአሮጊት እናት ነው ማለት ነው። ነገር ግን በዘመናችን በየከተማው የሚሠሩትን መናፈሻዎች ዞሮ የተመለከተ ሰው ብዙዎቹ ከደከመው ይልቅ ላልደከመው የተዘጋጁ ኾነው ያገኛቸዋል። በሩ ሰፊ ነው፥ አበባው ያማረ ነው፥ ውሃው ከምንጩ እየዘለለ ያብረቀርቃል፤ ዳሩ ግን ከበሩ እስከ አበባው ድረስ ያለው ደረጃ የሰባ ዓመት ጕልበት ታስቦለት የተሠራ አይደለም።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን ወደ ከምባታ አገር፥ ወደ አንጋጫ ያደረግነው ጕዞ ነው። የአገሩን መልክ በመጀመሪያ እናስረዳና ኋላ ወደ ዋናው ጕዳይ እንመለሳለን።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሆሳዕና የሚሄድ መንገደኛ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ቢሄድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሌላው መንገድ በወሊሶና በወልቂጤ ዞሮ የጉራጌን አገር አቋርጦ የሚያልፈው ነው። እኛ ስንሄድ የመረጥነው ይህን ኹለተኛውን ነበር፤ በመምረጣችንም አልተቈጨንም፤ ምክንያቱም የጉራጌን ጀፎሮ ለማየት ቻልን። ጀፎሮ ማለት በመንደሩ መካከል የተዘረጋ፥ እጅግ ሰፊ፥ ሣር የለበሰ የጋራ ጐዳና ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ተሠርተዋል። ልጆች ይጫወቱበታል፥ ሰርግና ለቅሶ ይሰበሰብበታል፥ ሽማግሎች ተቀምጠው ነገር ይሰሙበታል። ማንም ሰው ሀብታም ቢኾን ወይም ጕልበተኛ ቢኾን ከርሱ ቈርሶ ለራሱ ሊያጥረው በአገሩ ሥርዐት አይፈቀድለትም።

ያንን ሣር ስንመለከት አንድ ነገር ልብ አልን። በዚያ መንደር የሚኖር ሽማግሌ ዐየር ለመቀበል ሲፈልግ መኪና አይሳፈርም፥ ቲኬት አይቈርጥም፥ ደረጃ አይወጣም። ምርኩዙን ይዞ ከቤቱ ደጅ ብቅ ሲል መናፈሻው ውስጥ ነው። የአባቶቻችን መናፈሻ ከቤት ደጅ ይጀምር ነበር፤ የዛሬው መናፈሻ ግን ከቅጥሩ በር ይጀምራል። ከቤቱ ደጅ እስከ ቅጥሩ በር ያለው መንገድ ደግሞ ለሽማግሌው እንዴት እንደሚኾን ማንም የጠየቀው የለም።

ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረች፥ የሀዲያ ሕዝብ ዋና ከተማ ናት፤ የጥንት ስሟንም ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ይዞታል። በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መቀመጫ ኾናለች። ከርሷ ወደ ደቡብ ሲሄዱ መሬቱ ከፍና ዝቅ እያለ፥ በስተግራና በስተቀኝ የእንሰት ተክል እየበዛ ይመጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የአንጋጫ ከተማ ይደረሳል።

አንጋጫ ከከምባታ ዞን ወረዳዎች አንዱ ነው። በሰሜን ከሀዲያ፥ በምዕራብ ከዶዮገና፥ በምሥራቅ ከዳምቦያ፥ በደቡብ ከቃጫ ቢራ ጋራ ይዋሰናል። ዐየሩ ቀዝቃዛ፥ መሬቱ ለምለም፥ ሕዝቡ እጅግ የበዛ ነው። ከምባታ በአገራችን ሕዝብ ከሰፈረባቸው አውራጃዎች ኹሉ እጅግ ጥቅጥቅ ካሉት መካከል ስለሚቈጠር አንዲት ስንዝር መሬት ሥራ ፈትታ አትገኝም። ከቤቱ ጓሮ እንሰት፥ ከእንሰቱ ቀጥሎ እህል፥ ከእህሉ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ ይታያል። እንሰት እንደ ስንዴና እንደ ገብስ ባንድ ዓመት የሚታጨድ አይደለም፤ ከተተከለ በኋላ ቆጮና ቡላ እስኪወጣው ድረስ ብዙ ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ዛሬ የምንበላው ቆጮ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ስለ ነገ አስቦ የተከለው ነው። ያ የተከለው ሰው አሁን ሸምግሏል። የአገሩ ኑሮ በሽማግሎች ድካም ላይ የቆመ መኾኑን ለማወቅ አንድ የእንሰት ጓሮ መመልከት ይበቃል።

ከአንጋጫ ኾኖ ዐይኑን ያነሣ ሰው የሐምበሪቾን ተራራ ያያል። ይህ ተራራ በከምባታ ምድር ካሉት ኹሉ የሚበልጥ ሲኾን ከፍታው 3,058 ሜትር ነው። ለሕዝቡ ግን ተራራ ብቻ አይደለም። «ሐምበሪቾ ላመላ» የሚል አነጋገር አላቸው፤ በከምባትኛ «ላመላ» ማለት ሰባት ማለት ስለ ኾነ «የሐምበሪቾ ሰባቱ» ማለታቸው ነው። በተራራው ዙሪያ መጀመሪያ ሰፍረው ለከምባታ ሕዝብ መሠረት የኾኑት ጐሣዎች ሰባት እንደ ነበሩ የአገሩ ሽማግሎች ይተርካሉ። «ወማ» ተብለው ይጠሩ የነበሩት የከምባታ ነገሥታት ታሪክም ከዚህ ተራራ ጋራ የተያያዘ ነው። ስለዚህ አንድ የከምባታ ተወላጅ ሐምበሪቾን ሲጠራ ስለ ድንጋይና ስለ አፈር ብቻ መናገሩ አይደለም፤ የትውልድ ሐረጉን መቍጠሩ ነው።

በዚህም ምክንያት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተራራው የጕብኝት ስፍራ እንዲኾን ታስቦ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል፤ ስፍራውም «ሐምበሪቾ 777» እየተባለ ይጠራል። ሰባት ቍጥር ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ሰባቱን ጐሣዎች የሚያስታውስ መልካም ዐሳብ ነው። እንግዳ ይመጣል፥ ወጣቶች እየተቀዳደሙ ይወጣሉ፥ ከላይ ኾነው የከምባታን ምድር እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ያዩታል። ሥራውን የሠሩትን ሰዎች ማመስገን ይገባል። እኛም እናመሰግናለን።

በአንጋጫ ሳለን ከገበያው አጠገብ በዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጡ ሽማግሎች ጋራ ለመጨዋወት ዕድል አገኘን። ከመካከላቸው አንዱን፥ ነጭ ጋቢ የለበሱትን፥ «አባባ፥ የሐምበሪቾን ደረጃ ወጥተውታል?» ብለን ጠየቅናቸው። ፈገግ ብለው እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ ደረጃው ሳይሠራ ከብት እየጠበቅሁ በየጊዜው እወጣ ነበር። ደረጃው ከተሠራ ወዲህ ግን አንድ ቀን አልወጣሁም። ያን ጊዜ ጕልበት ነበረኝ፥ መንገድ አልነበረም፤ ዛሬ መንገድ አለ፥ እኔ ጕልበት የለኝም። መንገድና ጕልበት ባንድ ቀን አልተገናኙልኝም።»

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ፥ «የልጅ ልጄ ወጥቶ ፎቶግራፉን በስልኩ አሳየኝ። ቦታውን ዐወቅሁት። ነገር ግን ልጁ ስለዚያ ቦታ የሚያውቀው የደረጃውን ቍጥር ብቻ ነው። የቀረውን የምነግረው እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ ቢኾን ነበር» አሉን።

ይህ ንግግር ከልባችን አልወጣም። ደረጃው የተሠራው የተራራውን ታሪክ ለማክበር ነው፤ ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ግን ከታች ቀርተዋል። ወጣቱ ወደ ላይ ይወጣል፥ የሚነግረው የለም፤ ሽማግሌው ከታች ይቀመጣል፥ የሚሰማው የለም። በኹለቱ መካከል ያለው 777 ደረጃ ነው።

አንባቢያችን ነገሩን በሚገባ እንዲገነዘበው ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። የአንዱን ደረጃ ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር አድርገን ብንገምተው 777ቱ ደረጃዎች 116 ሜትር ተኩል ያህል ይኾናሉ። ይህም በአዲስ አበባ ከተሠራው፥ ከ200 ሜትር ጥቂት ከሚበልጠው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ከግማሽ በላይ ነው። በዚያ ሕንፃ ሽማግሌው በአሳንሰር ይወጣል፤ በተራራው ግን የሚወጣው በገዛ ጕልበቱ ነው። ይህን ያህል መውጣት የሚችል አረጋዊ የለም አንልም። በደጋ አገር ተወልዶ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው በሰማንያ ዓመቱም ብርቱ ኾኖ ይገኛል። የሚፈልገው ነገር ግን አለ፤ የሚይዘው መደገፊያና የሚያርፍበት መቀመጫ ነው።

የሚያስደንቀው 777 ለሠላሳ ሰባት ሲካፈል ያለ ትርፍ 21 መኾኑ ነው። ስለዚህ በየሠላሳ ሰባት ደረጃው አንድ ማረፊያ ቢደረግ መንገዱ በትክክል ለሃያ አንድ ይከፈላል፤ የሚያስፈልጉትም ማረፊያዎች ሃያ ብቻ ይኾናሉ። ሠላሳ ሰባት ደረጃ የኹለት ፎቅ ቤት መውጣት ያህል ነው፤ ዕድሜ የተጫነው ሰው ኹለት ፎቅ ወጥቶ ቢያርፍ፥ ደግሞ ቢወጣና ቢያርፍ፥ ቀኑ ሳይመሽ ከላይ ይደርሳል። ለማይችሉት ደግሞ ከተራራው ግርጌ፥ መኪና በሚደርስበት ሜዳ ላይ፥ ተራራውን ፊት ለፊት የሚያሳይ ጥላና መቀመጫ ያለው ስፍራ ቢዘጋጅ፥ ወጣቶች ከመውጣታቸው በፊት በዚያ ቈመው ከሽማግሎቹ ታሪኩን ሰምተው ምርቃት ተቀብለው ቢሄዱ፥ ተራራው ወደ ሽማግሌው ወረደ ማለት ይቻላል።

«ይህን የሚያሠራው ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በአገራችን ለመናፈሻ ገንዘብ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር በአዲስ አበባ «ገበታ ለሸገር» የተባለ ግብዣ ተደርጎ ለከተማው የወንዝ ዳር ልማት ገንዘብ ሲሰበሰብ የአንዱ ሰው ማዕድ ዋጋ አምስት ሚሊዮን ብር ነበር። በ2012 ዓ.ም. በመስከረም የአንድነት ፓርክ፥ በዚያው ዓመት በጳጉሜን ከቻይና መንግሥት በተገኘ እርዳታ የተሠራው የወዳጅነት ፓርክ፥ በ2013 ዓ.ም. በመስከረም የእንጦጦ ፓርክ ተከፍተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቷል። እንግዲህ የሚሰጥ እጅ አልጠፋም። የሚጐድለው ሰጪው ገንዘቡን ሲሰጥ «ከዚህ ውስጥ ለሽማግሌው ምን ያህሉ ነው?» ብሎ መጠየቁ ነው።

ሕግም አልጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ በንዑስ ቍጥር 5 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጕዳተኞች፥ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ሕፃናት እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች ጭምር የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። የአፍሪካ ኅብረት አገሮችም በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ አረጋውያን መብት ያጸደቁት ፕሮቶኮል ሽማግሎች ወደ ሕንፃዎችና ወደ መጓጓዣዎች ያለ ችግር እንዲገቡ፥ የመቀመጫ ቅድሚያም እንዲሰጣቸው ያዝዛል፤ ይህም ፕሮቶኮል በ2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል።

ነገር ግን እኛ በጽሕፈት ሥራ ብዙ ዘመን ስንኖር እንደ ታዘብነው ሕግ በወረቀት ላይ ሲኾን ቀጥ ያለ ነው፥ ደረጃው ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ስሙን ከማንጠቅሰው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ባለ ጕዳይ የኾኑ አንዲት እናት በልጃቸው ጀርባ ታዝለው ሲወጡ አይተናል። ልጁ አላማረረም፥ እናቲቱም አላዘኑም፤ የለመዱት ነገር ስለ ኾነ ነው። እኛን ያሳዘነን ደግሞ ይኸው መለመዱ ነው። ለጕዳይ የሚመጣ ሰው በግድ ስለ ኾነ ታዝሎም ይመጣል፤ ነፋስ ለመቀበል ግን ታዝሎ የሚመጣ የለም፥ ከቤቱ ይቀራል። መናፈሻው በሽማግሌ ላይ መዘጋቱ ሳይታወቅ የሚኖረውም ስለዚህ ነው፤ ያልመጣ ሰው አቤቱታ አያቀርብምና።

በሌሎች አገሮች ያለውን ብንመለከት ትልቅ ገንዘብ ብቻ እንደማያስፈልግ እንረዳለን። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. ኤተል ፐርሲ አንድረስ የተባሉ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ያቋቋሙት ኤ.ኤ.አር.ፒ. የተባለ የአረጋውያን ማኅበር አለ። ይህ ማኅበር ከ2017 ጀምሮ በየዓመቱ ለየከተማውና ለየመንደሩ ትንንሽ ስጦታዎችን ሲሰጥ ቈይቷል፤ አንዳንዱ ስጦታ ከጥቂት መቶ ዶላር የማይበልጥ ሲኾን አንዳንዱ ብዙ ሺሕ ይደርሳል። በዚህም ገንዘብ አግዳሚ ወንበር ይተከላል፥ የእግር መንገድ ይስተካከላል፥ መናፈሻ ይታደሳል። ሥራው ፈጥኖ እንዲያልቅም ይጠበቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2007 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በ33 ከተሞች የሚኖሩ አረጋውያንን አስጠይቆ ስለ ከተሞች አንድ መመሪያ አሳትሞ ነበር። ሽማግሎቹና አሮጊቶቹ ከጠየቋቸው ነገሮች መካከል የማያደናቅፍ የእግር መንገድ፥ መቀመጫ፥ ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና አረንጓዴ ስፍራ ይገኙበታል። የአንጋጫም ሽማግሌ ቢጠየቅ ከዚህ የተለየ ነገር የሚጠይቅ አይመስለንም።

ይሁን እንጂ መጠየቁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህም ሩቅ አገር ሳንሄድ ከዚሁ ከከምባታ ምስክር አለን። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከውጭ አገር ትምህርታቸውን ተምረው ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ ዐሳባቸው ስለ ጤናና ስለ ሴቶች ክብር ለማስተማር ነበር። ሕዝቡ ግን አስቀድሞ የሚያስፈልገን ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት፥ ነጋዴዎቻችን ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ነው አላቸው። እርሳቸውም አልተከራከሩም፤ ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ሰማቸው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ከእኅታቸው ጋራ ያቋቋሙት የከምባታ ሴቶች መረዳጃ ማዕከልም የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ባደረገው ሥራ በዓለም የታወቀ ኾነ። በ2013 የቤልጅግን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ተቀብለው በ2019 ዐረፉ። ከሥራቸው የምንማረው ስጦታ የሚሰጥ ሰው ከመስጠቱ በፊት ተቀባዩን መጠየቅ እንዳለበት ነው። ድልድይ ለፈለገ ሰው ትምህርት ብቻ፥ መቀመጫ ለፈለገ ሰው የውሃ ምንጭ ብቻ መስጠት ለሰጪው ደስታ እንጂ ለተቀባዩ ዕረፍት አይኾንም።

ታዲያ በአንጋጫና በአካባቢዋ ባሉት የከምባታና የሀዲያ ከተሞች ሰጪው ማን ይኾናል? በመጀመሪያ መንግሥት ነው፤ መንገድ ሲያሠራና አደባባይ ሲያስጌጥ ከበጀቱ ጥቂቱን ለዚህ ይመድብ። ኹለተኛው ዕድሩና የአገሩ ማኅበር ነው፤ ለቅሶ ለደረሰበት ሰው ድንኳንና ወንበር የሚያቀርብ ዕድር በሕይወት ላለው ሽማግሌ አንድ መቀመጫ መትከል አያቅተውም። ሦስተኛው በውጭ አገር ያለው ልጅ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው በንግድ እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ከሚልኩት ገንዘብ ቤት ይሠራል፥ ታናናሾች ይማራሉ። ያ ቤት ግን አዲስ ቆርቆሮ ለብሶ ቢያበራም ብዙ ጊዜ የሚኖሩበት አባትና እናት ብቻቸውን ናቸው። ልጁ ሩቅ ስለ ኾነ ክንዱን ሊያውሳቸው አይችልም፤ በመንገዱ ዳር የሚያስተክለው መደገፊያ ግን በርሱ ፈንታ ክንድ ይኾንላቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለ ሃያ ማረፊያ ለአንድ ወረዳ ከባድ ቢኾን ለሃያ ቤተ ሰብ ቀላል ነው።

የሚሠራውም ነገር በቅጡ እንዲሠራ ባለሙያዎች የሚመክሩትን እዚህ ላይ በአጭሩ እንጽፋለን። አግዳሚ ወንበሩ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ በጣም ዝቅ ካለ ሽማግሌው ተቀምጦ መነሣት ያቅተዋል። መደገፊያ ጀርባና የክንድ ማሳረፊያ ይኑረው፤ ሽማግሌ የሚነሣው በእግሩ ብቻ ሳይኾን በእጁም ተደግፎ ነውና ክንድ የሌለው ወንበር ለርሱ ግማሽ ስጦታ ነው። በደረጃ ፈንታ ዘንበል ያለ መንገድ ሲሠራ አንድ ሜትር ከፍ ለማለት ቢያንስ ዐሥራ ኹለት ሜትር ይርዘም። የእጅ መደገፊያው በግራም በቀኝም ይኹን፥ ቁመቱም 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይድረስ። የየደረጃው ጠርዝ ዐይኑ ለደከመ ሰው እንዲታይ ነጭ ወይም ብጫ ቀለም ይቀባ። የሚነጠፈው ድንጋይ በክረምት ዝናብ የማያንሸራትት ይኹን፤ የከምባታ ክረምት ብርቱ መኾኑን የሚያውቅ ይህን አይረሳም። የመጸዳጃው ቤት ሩቅ አይኹን፤ ጕልበቱ ለሚያመው ሰው የሚቀመጥበት መቀመጫም አይታጣበት። ለጥላ የሚተከለው ዛፍ እንደ ዝግባና እንደ ወይራ ያለ የአገር ዛፍ ቢኾን መልካም ነው።

ደግሞም ሰጪዎች ኹሉ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጥበቃና ጥገና ነው። ለመሥራት ገንዘብ የሚሰጥ ብዙ ነው፥ ለማደስ የሚሰጥ ጥቂት ነው። የተሰበረ ወንበር ከሌለ ወንበር ይብሳል፤ ሽማግሌው የማይሸከመውን ነገር አምኖ ይቀመጥበታልና። የላላ መደገፊያም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ለየዓመቱ ማደሻ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከከተማው ሽማግሎችም ኹለት ወይም ሦስት ሰዎች ሥራውን የሚመለከቱ ኾነው ይመረጡ። ከተቀመጠበት ሰው ይልቅ የወንበርን ጕድለት የሚያውቅ የለም።

ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚኾን ቀን እንፈልግ ቢባል ከመስከረም የተሻለ አናገኝም። ከምባታዎች በመስቀል ጊዜ መሳላን ያከብራሉ፤ በየአገሩ የተበተነው ልጅ ኹሉ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፥ ሽማግሎች ይመርቃሉ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀን፥ በመስከረም 21 ቀን ግድም፥ የተባበሩት መንግሥታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ያወጁት የዓለም የአረጋውያን ቀን ይውላል። ልጆቹ ኹሉ ከተሰበሰቡበት፥ ሽማግሎቹ ኹሉ ከከበሩበት ከዚህ ሳምንት ይልቅ ለአንድ ማረፊያ ገንዘብ ለማዋጣት የሚመች ጊዜ የት ይገኛል?

እኛ ኢትዮጵያውያን ሽማግሌን በማክበር የታወቅን ነን። ሲገባ እንነሣለን፥ ሲናገር ዝም እንላለን፥ ሲመርቅ አሜን እንላለን። ሲሞትም ብዙ ወጪ አውጥተን እንቀብረዋለን፥ ተዝካሩን እናወጣለን፥ በመቃብሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ሐውልት እናቆማለን። ይህ ኹሉ መልካም ነው። ነገር ግን ስሙን በድንጋይ ላይ ለማስጻፍ እስኪሞት ድረስ መጠበቅ ለምን አስፈለገ? በሕይወቱ ሳለ ስሙ የተጻፈበትን አንድ አግዳሚ ወንበር በመናፈሻው ውስጥ ቢያገኝ፥ ራሱ ተቀምጦበት ጓደኞቹን ቢያስቀምጥበት፥ ሐውልቱ ሊሰጠው የማይችለውን ደስታ ያገኛል። ከሞተም በኋላ ሌሎች ሽማግሎች በላዩ እየተቀመጡ ሲመርቁት ይኖራሉ።

ስለዚህ በኀላፊነት ላይ ያላችሁ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፥ መናፈሻ ስታሠሩ ከመመረቁ በፊት አንድ ቀላል ፈተና አድርጉለት። ሪባኑ ከመቈረጡ፥ ሙዚቃው ከመመታቱ አስቀድሞ በከተማው በዕድሜ እጅግ የገፉትን አንድ አባትና አንዲት እናት በክብር አስጠሩ። ማንም ሳይደግፋቸው ከበሩ ይግቡ፥ በራሳቸው ጊዜ ይሂዱ፥ የወደዱት ቦታ ላይ ይቀመጡ፥ ሲፈልጉም ተነሥተው ይመለሱ። ይህን ያለ ችግር ካደረጉ መናፈሻው አልቋል፥ ይመረቅ። በመንገድ ላይ ቈመው ዙሪያቸውን መቀመጫ ፍለጋ ከተመለከቱ ግን ሥራው ገና ነው፤ የጐደለውም ነገር እርሳቸው በቆሙበት ቦታ ላይ መኾኑን ዕወቁና ወንበሩን እዚያው ትከሉ።